ትልቅ መኪና በጠባብ መንገድ



የታላቅ እኅቴ ባለቤት በአሜሪካ የሚኖር የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ዒድ አል-አድሓን ከቤተሰብ ጋር ሊያሳልፍ ወደ ሞጣ ሲመጣ፣ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን መሄድ እየቻለ «ከአጎታችሁ ጋር በጋቢና ነው የምሄደው» ብሎ ድርቅ አለ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ መንገድ ላይ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ከሞጣና ከቢቸና ጤፍ፣ ሽንብራና ስንዴ ጭኖ መርካቶ ያራግፋል፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይዞ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔም ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ። ረዳቱ ከወንበሩ ኋላ ባለችው ፍራሽ ላይ ተጠቅልሎ ተኛ።

የዚያች ጋቢና ነገር ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ከፍራሿ ሌላ ፔርሙስ፣ የሻይ ብርጭቆዎች፣ የተጠቀለለ መስገጃ፣ በላስቲክ የታሰረ ቁርኣን፣ የሕፃናት ጫማ ሳይቀር አለበት፤ ከውጭ በጎን በኩል ደግሞ የውዱእ ውሃ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። የአጎቴ ባለቤት «የእኔ ጣውንት» ትላታለች መኪናዋን። አጎቴ ከወሩ ግማሹን የሚያድረው እዚያ ስለሆነ አልተሳሳተችም።

ሱሉልታን አልፈን የጉዞውን ዱዓእ ካደረግን በኋላ እንግዳችን ከስልኩ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አሳየን። ፒክአፕ ጀርባ ላይ ሙሉ ቤት ተጭኖ ይታያል። «ጋሼ፣ ይህን ያዩታል? አልጋው ከጋቢናው በላይ ነው። ምድጃ አለው፣ የእቃ ማጠቢያ አለው፣ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር አለው። አሜሪካኖች ጡረታ ሲወጡ ይህን ይገዙና አገር ይዞራሉ» አለ። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ አዛውንት ታዲያ አሜሪካ አልበቃ ብሎት መኪናውን በመርከብ አስጭኖ አውሮፓ አወረደው። እዚያ የገጠመውን ሲተርክለት ለሰዓታት ሲስቁ እንደዋሉ ነገረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትልልቅ መኪናዎች በአሜሪካ የሚፈቀደው ስፋት ወደ 2 ሜትር ከ59 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በአውሮፓ 2 ሜትር ከ55 ነው። ልዩነቱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ስለዚህ ችግሩ ከሕጉ ሳይሆን ከመንገዱ ነው። የአውሮፓ አሮጌ ከተሞች የተሠሩት ለአህያና ለጋሪ ነው፤ የመንደሩ የድንጋይ በር ከቤቶቹ ጋር ከተሠራ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጎማ ያለው፣ ቁመቱ ከሦስት ሜትር የሚያልፍ የአሜሪካ ቤት እዚያ በር ላይ ሲደርስ ወደፊት አይገባ፣ ወደኋላም የሚዞርበት የለው። መንጃ ፈቃዱም ሌላ ጣጣ ነው። በአውሮፓ ተራው መንጃ ፈቃድ የሚያስነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ድረስ ነው፤ ያ ቤት የተጫነበት ትልቅ ፒክአፕ ደግሞ ከዚያ ያልፋል፤ በሕጉ ዓይን የጭነት መኪና ነው ማለት ነው። ሰውዬው በየመንደሩ ስፖኪዮውን እያጠፈ፣ ሚስቱ ፊት ፊት እየሄደች በእጅዋ እየመራችው፣ መንገዱን እየረገመ ነው የዞረው አሉ።

አጎቴ ሁሉንም አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ልጄ፣ ሰውየው መንገዱን ምን ብሎ ይረግማል? መንገዱ እኮ ቀድሞት የነበረ ነው» አለ።

እኛም አገር ቢሆን ትልቅ መኪና ለሌላ መንገድ ተሠርቶ ነው የመጣልን። የአባቶቻችን ዘመን ጎጃም የሚያውቀው የጣልያኑን ፊያት ነው፤ «ኤን ትሬ» እየተባለ የሚጠራው ዓይነት ሸቅብ ሲወጣ ሰው በእግሩ ይቀድመዋል ይባልለት ነበር፤ ግን ይደርሳል። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ አምቼ ተቋቁሞ የፊያት፣ በኋላም የኢቬኮ መኪናዎችን እዚሁ መገጣጠም ጀመረ። ቀጥሎ የጃፓኑ አይሱዙ መጣና አገሩን ሞላው። ሾፌሮች ስለ ፍጥነቱና ስለሚያደርሰው አደጋ ያወጡለትን «አልቃኢዳ» የሚል ቅጽል ስም አንባቢ ያውቀዋል፤ እኔ በበኩሌ አልወደውም፤ በየመንገዱ ሰው የሚገድል ነገር ሁሉ የእኛ ስም የሚለጠፍበት ምክንያት አይገባኝም። የቻይናው ሲኖትራክ ሲመጣ ደግሞ «ቀይ ሽብር» ተባለ፤ እንግዲህ ሕዝቡ ለሚገድል መኪና ስም ማውጣት ሲያምርበት አይጣል ነው። አጎቴ እንደሚለው ግን ብረቱ አይገድልም፤ መንገዱን ከራሱ ያነሰ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው የሚገድለው።

ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር። ከዚያ ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ያላየ ሰው በጽሑፍ አይገባውም፤ ቢሆንም ለተማሪዎቼ የምሰጣትን አንዲት ስሌት ልጥቀስ። ጭነቱንና ራሱን ጨምሮ 150 ኩንታል የሚመዝን መኪና 1,200 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ500 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። የአባይ ሸለቆ ጥልቀት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት አንድ ቦታ መሄድ አለበት፤ ወይ በሞተሩ በኩል ይወጣል፣ ወይ የፍሬኑን ሸራ ያቃጥላል። አዋቂ ሾፌር ገና ከላይ ሳለ ከባድ ማርሽ ያስገባና በሞተር ፍሬን ይወርዳል፤ እግሩን ፍሬን ላይ የሚያሳርፈው አልፎ አልፎ ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚለቅ ደግሞ አለ። ያኔ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ይጨሳል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይሰማም። በበረሃው ገደል ውስጥ የሚታዩት የዛጉ ብረቶች አብዛኞቹ ታሪካቸው ይኸው ነው። ጫት ቃሚነትም ታክሎበት ሌሊቱን ሙሉ የነዳ ሰው «ነቅቻለሁ» ብሎ ቢምል ዓይኑን እንጂ ልቡን አታገኘውም ይላል አጎቴ።

እንግዳችን የአጎቴን እግር ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ፍሬን እንደሚረግጡ እንኳ አላየሁም» አለው።

«እርስዎ» እያለ የሚያከብረው ሰው እንደ ባለሙያ ሲያደንቀው አጎቴ ደስ ቢለውም፣ «አንተ ዝም ብለህ ጸልይ» ብቻ አለ።

በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን 303 ሜትር ድልድይ ተሻገርን። ጎኑ ላይ የቀድሞው፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ድልድይ ይታያል። ከዚያ ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት ተያያዝነው። ክረምት ስለነበር መሬቱ በየቦታው ተንሸራቷል፤ አስፋልቱ እንደ ጨርቅ ተጨማድዶ መኪናው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል።

ግማሽ ያህል እንደወጣን፣ መጠምዘዣ ላይ፣ አጎቴ ድንገት መኪናውን አቆመ። የአደጋ መብራቱን አበራ። እኔ ምንም አላየሁም ነበር። ከጉሙ ውስጥ፣ ከእኛ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አራት ትልልቅ ድንጋዮች መንገዱ ላይ ተደርድረዋል። ከእነሱ ወዲያ የተቀጠፈ የዛፍ ቅርንጫፍ ወድቋል። ተሳቢ ያለው መኪና ተበላሽቶ እዚያ ሰንብቶ ኖሮ፣ ሲጠገን ለጎማው ታኮ ያደረገውን ድንጋይ ጥሎ ሄዷል። ይህን ነገር በአገራችን መንገድ ላይ ያላየ ተጓዥ የለም።

ረዳቱና እንግዳችን ወርደው ድንጋዮቹን እያንከባለሉ ወደ ቦዩ አወጧቸው። አጎቴ አላመነም፤ ራሱ ወርዶ ጠጠሩን ሳይቀር በእግሩ ጠረገ። እንግዳችን ሲመለስ ተናዶ ነበር። በአሜሪካ የጭነት መኪና ሦስት አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቶች ሳይዝ እንደማይንቀሳቀስ፣ መንገድ ላይ ሲቆም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልደረደራቸው እንደሚቀጣ ነገረን። «ይህ ግድያ ነው፤ የሰው ልጅ እንዴት ድንጋይ ጥሎ ይሄዳል?» አለ። አጎቴ አልመለሰለትም። እስከ ደጀን ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ደጀን ላይ ዙሁርንና ዐስርን በአንድነት፣ ሁለት ሁለት ረከዐ አሳጥረን ሰገድን። ከዚያ ሻይ ቤት ተቀምጠን አጎቴ ይህን ነገረን። ስሙን እንዳልጠራ አደራ ብሎ እንድጽፈው የፈቀደልኝ እርሱ ራሱ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያኔ ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ ያለው መንገድ ጠጠር ነበር፤ ግራና ቀኙ የእነማይ ጥቁር አፈር ስለሆነ ጎማው ከጠጠሩ አንድ ክንድ ከወጣ መኪናው ይሰምጣል። አመሻሽ ላይ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ ታሞ ስለቀረ ብቻውን ነበር። ከማሳ ካብ ድንጋይ ተሸክሞ አመጣ፤ ሦስቱን ታኮ አደረገ፤ አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ክሪኩን አስደገፈበት። ጎማውን ቀይሮ ሲጨርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር።

«መግሪብ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ነው የሮጥኩት» አለ አጎቴ። «ከፊት ካለችው መንደር ደርሼ በጀማዓ ልሰግድ። ድንጋዩን አይቼዋለሁ። አላየሁትም ብል እዋሻለሁ። ‹ሌላ ሰው ያነሣዋል› ብዬ ሄድኩ።»

ሌሊት ሌላ የጭነት መኪና በዚያው መጣ። ድንጋዩን ለማለፍ ሲጠመዝዝ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። ሾፌሩ ተረፈ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ረዳት ሞተ።

አጎቴ ወሬውን የሰማው በማግሥቱ ቢቸና ላይ ነው። ማንም አልጠረጠረውም፤ በዚያ ሌሊት ስንት መኪና አልፏል። ግን ሄዶ አየ። ጠፍጣፋው ድንጋይ የክሪኩ ቅባት እንደለጠፈበት እዚያው ነበር።

ሦስት ቀን ምግብ አልወረደለትም። በአራተኛው ቀን ሞጣ ወደሚኖሩ አንድ ሸይኽ ሄዶ ተናገረ። ሸይኹ ኪታብ አውጥተው አነበቡለት። እኔ በመድረሳ ቆይታዬ ያንን ባብ ቀርቼዋለሁ፤ በሰዎች መተላለፊያ ላይ ጉድጓድ ስለቆፈረ ወይም ድንጋይ ስላኖረና ሰው ስለጠፋበት ሰው የሚናገር ነው። ያኔ ተማሪዎች ሳለን «ይህ ደግሞ የት ያጋጥማል?» እያልን እንዘለው ነበር። ፉቀሃዎቹ መኪና ሳያዩ የጻፉት ነገር ቢቸና መንገድ ላይ ቃል በቃል ደረሰ። የደም ካሣው እንዳለበት መዝሀቦች አይለያዩም። ከፋራውን በተመለከተ ግን ይለያያሉ፤ ሐነፊያዎች በእጁ በቀጥታ ባልገደለና ሰበብ ብቻ በሆነ ሰው ላይ ከፋራ የለም ሲሉ፣ ሻፊዒያዎች አለበት ይላሉ፤ ይህም ዛሬ ባሪያ ነፃ ማውጣት በሌለበት ዘመን ሁለት ተከታታይ ወር መጾም ነው። ሸይኹ ሁለቱንም ነገሩትና «ምረጥ» አላሉትም፤ «ልብህ የቱ ላይ ያርፋል?» አሉት። ጾመ። ከስድሳው ቀን አንዱን እንኳ ቢያፈርስ ከመጀመሪያው ስለሚቆጠር፣ ሁለት ወር ከቤት ሳይጓዝ፣ መኪናውን አቁሞ ጾመ። በዚያ ወቅት የአክስቶቼ ወርቅ እንደተሸጠ በልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ጾሙ ግን ከአላህ ጋር ያለው ነው። የሰው ሐቅ ሌላ ነው። ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ፤ ከዚያም ሽማግሌ ይዞ፣ ሁለት ሙስሊምና ሦስት ክርስቲያን፣ ደብረ ወርቅ አካባቢ ወዳለው የልጁ ቤተሰብ ሄደ። ቤተሰቡ ክርስቲያኖች ናቸው። አባትየው ለረጅም ጊዜ አላናገረውም። ካሣው ተነግሮ፣ እርቁ ሊጠናቀቅ ሲል የልጁ እናት አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ምን አስቸኮለህ?»

«ሶላት ነው እማማ» አልኳት አለን አጎቴ። «ዝም ብላ አየችኝ። ከሰደበችኝ ይሻለኝ ነበር።»

ጉዞ ላይ ያለ ሰው መግሪብን ከዒሻ ጋር አዘግይቶ ሊሰግድ እንደሚችል አጎቴ ያኔም ያውቅ ነበር። ሸሪዐው ለዚያች ምሽት ብሎ የሰጠው ማቅለያ ነበር ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ የሚያስቸግርን ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑንም በሕፃንነቱ ተምሯል። ሁለቱንም እያወቀ ነው ለመስገድ የሮጠው። እዚህ ላይ ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ እርሱ ግን ሻዩን ጨርሶ ተነሣ፣ እኔም በዚሁ ላይ ልለፍ።

ከደጀን ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው። ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ያለ፣ ነፋሻ አገር። ቢቸና ላይ ግማሹን ስኳር አራገፍን፤ ደብረ ወርቅን፣ ጉንደወይንን አለፍን። በዚያ ሁሉ መንገድ እንግዳችን የአጎቴን አነዳድ እንደ ተማሪ ያጠና ነበር። ጠባብ ቦታ ላይ ከፊት መኪና ሲመጣ አጎቴ ሁልጊዜ ቀድሞ ይቆማል፤ ሸቅብ የሚመጣውን ያሳልፋል፤ በሬ የሚነዳ ሕፃን ካየ ጡሩምባ አይነፋም፣ ሕፃኑ ደንግጦ ወደ መንገድ ይገባል ብሎ። ስልኩ ደግሞ አይጮኽም። ባለቤቱ የምትደውለው ለረዳቱ ነው፤ ይህን ከብዙ ዓመት በፊት የደነገገችው ራሷ ናት። የሾፌር ሚስት የሆናችሁ እኅቶች ብትሞክሩት ጥሩ ነው፤ «የት ደረስክ?» ብሎ መኪና የያዘ ሰው ጋ መደወል ከናፍቆት ይልቅ ሌላ ነገር ያመጣል።

ሞጣ ስንቃረብ ወሬው ወደ ሰባራ ድልድይ ሄደ። ይህ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባይ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈርሶ፣ ሰው ለዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገርበት ኖሯል። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የዚያን ገመድ ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አይቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተሰኘውን ድርጅት መሠረተና ድልድዩን አስጠገነ፤ ጎርፍ ሲወስደው ደግሞ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። «እናቴ በዚያ ገመድ ተሻግራለች» አለ አጎቴ፣ «እኔን በሆዷ ይዛ።» እንግዳችን ከዚያ በኋላ ስለ አውሮፓ መንገድ ጥበት አላነሣም።

ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ልጆቹ ወደ መኪናው ሮጡ፤ የአጎቴ ባለቤት በር ላይ ቆማ ረዳቱን ብቻ ነበር የምታየው፤ ረዳቱ ከሳቀ መንገዱ ሰላም ነበር ማለት ነው። ሳቀ።

እንግዳችን አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ በሰው እጅ አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን ላከ። ውስጡ ሦስት የሚታጠፉ አንጸባራቂ ምልክቶች ነበሩ። አጎቴ ረዳቱን ጎማ ሳይፈነዳ ጭምር እንዴት እንደሚደረደሩ አለማመደው። አንደኛዋ ጎሐ ጽዮን ላይ ተሰርቃ ሁለት ቀሩ። ድንጋዩን ግን ዛሬም ድረስ ታኮ ያደርጋል፤ ታዲያ ሲያኖር ይቆጥራል፣ ሲያነሣም ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ረዳቱ ከአጎቴ እኩል መቁጠር አለበት፤ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ መኪናው አይነሣም።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች በተቃጠሉ ጊዜ፣ አጎቴ ለዓመታት ዕቃ ካራገፈባቸው በሮች አንዳንዶቹ አመድ ሆኑ። ከሳምንታት በኋላ ለእነዚያው ሰዎች የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ጭኖ የመጣው እርሱ ነው፤ የኪራይ አልተቀበለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ሲነሣ ደግሞ መንገዱ በተደጋጋሚ ይዘጋ ጀመር። መኪናዋ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ግቢ ውስጥ ትቆማለች። አጎቴ ባትሪው እንዳይሞት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይወጣና ሞተሯን አስነሥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ያሞቃታል። ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ ይነሡና ሁለቱን ምልክቶች ከጋቢናው አውጥተው ከመኪናዋ ኋላ፣ ዶሮዎቹ በሚመላለሱበት በኩል ይደረድሯቸዋል።